የዕፅዋት ሳይንስ ወይስ ፊልም?

ውድ ጠያቂያችን፣

የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆንሽን፣ የምድር የመጨረሻዎቹ ደኖች በጠፈር መንኮራኩር ላይ የሚጠበቁበትን «ሳይለንት ራኒንግ» ካየሽ ወዲህ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን መሥራት እንደተመኘሽ፣ ቤተሰብሽ ግን ጤና እንድታጠኚ እንደሚፈልግ ጽፈሽ፣ ፊልም ይሻለኛል ወይስ የዕፅዋት ሳይንስ ብለሽ ጠይቀሻል።

የመጀመሪያ ዲግሪሽን በባዮሎጂ ወይም በዕፅዋት ሳይንስ ብትይዢ ይሻላል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ይህን ፊልም ያዘጋጀው ዳግላስ ትረምቡል ራሱ ወደ ዳይሬክተርነት የመጣው በምስል ኢፌክት ባለሙያነት ስሙን ካስጠራ በኋላ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ዛፎቹ ሳተርን አካባቢ ሲጠወልጉ የዕፅዋት ባለሙያው ምክንያቱ የብርሃን እጥረት መሆኑን የሚረዳው እጅግ ዘግይቶ ነው። ሳተርን ከፀሐይ የሚርቀው የምድርን ርቀት 9 እጥፍ ተኩል ያህል ስለሆነ የሚደርሰው ብርሃን ለእኛ ከሚደርሰው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን አንቺ እንኳ በፈተና ላይ አትስቺውም።

ዕውቀቱ ያለው ጸሐፊ ግን ከእውነታው ራሱ ታሪክ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ አሪዞና «ባዮስፊር 2» በተባለው ዝግ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ 8 ሰዎች ከዕፅዋትና ከእንስሳት ጋር ለሁለት ዓመት ገብተው ነበር፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅኑን ሲጠቀሙ፣ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት ሲመጥ፣ የአየሩ ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 14 በመቶ ገደማ በመውረዱ ከውጭ መጨመር ግድ ሆነ። ገዳዩ የረገጡት አፈርና የተጠለሉበት ግድግዳ የሆነበት ድራማ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም።

አንቺ ደግሞ ያለሽው ጎንደር ነው። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያቸውን በእርሻና በግጦሽ ተከበው፣ አንዳንዶቹም በድንጋይ ካብ ታጥረው ይገኛሉ፤ የመንኮራኩሩን የመስታወት ጉልላት የሚተካ ሥፍራ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻሽም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተመድቦ በ2017 ከዝርዝሩ መውጣቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ለቤተሰብሽ የምትነግሪያቸው ነገር እንዲኖርሽ፣ በዚህ ዘርፍ የሚመረቅ ሰው በብሔራዊ ፓርኮች፣ በግብርና ምርምር ማዕከላት ወይም የአገሪቱን የዘር ባንክ በሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥራ ሊፈልግ ይችላል፤ የፊልም ገቢ ግን በአገራችን ገና አስተማማኝ አይደለም። ጤናን የማትወጂው ከሆነ ግን ለእነሱ ብለሽ ብቻ አትግቢበት።

ፊልሙን ግን እስክትመረቂ አታቆዪው። በክረምቱ ስለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን የ10 ደቂቃ ታሪክ ጻፊና በስልክሽ ቅረጪው፤ የጠፈሩን ትዕይንት ብሌንደር በተባለው በነፃ በሚገኝ የኮምፒውተር አኒሜሽን ፕሮግራም ልትሞክሪው ትችያለሽ። ካሜራ ከማውጣትሽ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጂ።