ከአሜሪካ ለሚላክልሽ ስልክ፦ «አንሎክድ ነው» ስለተባለ ብቻ አትመኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ቨርጂኒያ ያለው ወንድምሽ ያገለገለ አይፎን ገዝቶ በሰው ሊልክልሽ ነው። ሻጩ «አንሎክድ ነው»፣ ማለትም ለአንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ አልተቆለፈም፣ ብሎታል። አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 09ኙንም 07ኙንም ሲም ይቀበላል ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። ከሥር ብዙ ሰው «አይፎን የትም ይሠራል፣ አታስቢ» ብሎ መልሶልሻል። እኔ አስቢበት ነው የምልሽ። እንደዚያ የተባለለት ስልክ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከዋይፋይ ውጭ ምንም አይሠራም።

ስለ ካሜራና ስለ ሜሞሪ አላወራሽም። እሱን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ወንድምሽ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማጣራት ያለበትን ብቻ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ስልኩ የተሞከረው በማን ሲም ነው?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የአጎቴ ልጅ ዳላስ ይኖራል። አይፎን 12 ሊገዛልኝ ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ሱቅ ገባ። ከ300 ዶላር በላይ ከፈለ። «የምልከው ኢትዮጵያ ነው» ብሎ ለሻጩ በግልጽ ነግሮታል። ሻጩም «የትኛውም አገር፣ የትኛውም ሲም ይሠራል» አለው። ልጁ ደግሞ የሰው አፍ ብቻ ሰምቶ የሚያምን አይደለም። የራሱን ሲም አውጥቶ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከተተበትና ደወለልኝ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ሁለታችንም ደስ አለን።

ስልኩ ግን ወዲያው አልመጣም። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ እዚያው ተቀመጠ። በመጨረሻ መጥቶ እጄ ሲገባ ሲሜን አስገባሁ። «ሲም ኖት ሰፖርትድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የ07ኙን ሞከርኩ፣ ያው። የባለቤቴን ሞከርኩ፣ ያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩን የቆለፈው ኩባንያ የአጎቴ ልጅ ራሱ ደንበኛ የሆነበት ኩባንያ ነበር። የተቆለፈ ስልክ የቆለፈውን ኩባንያ ሲም ካገኘ ያለምንም እንከን ይሠራል። ይደውላል፣ ኢንተርኔት ያስገባል፣ ሁሉን ያደርጋል። ስለዚህ ያ ሙከራ ምንም አላረጋገጠም። ሻጩ ይህን ያውቃል። ሥራው ነው። የሌላ ኩባንያ ሲም አንዴ ቢያስገባበት ኖሮ እውነቱ እዚያው ይወጣ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ለወንድምሽ እንዲህ በይው። አሜሪካ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ኔትወርኮች አሉ፤ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ ሞባይል። እሱ ከሚጠቀምበት የተለየ ኔትወርክ ያለው ጓደኛ ይዞ ይሂድና በጓደኛው ሲም ይሞክር። የስም ልዩነት ደግሞ እንዳያሳስተው። ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ሜትሮና ሚንት በቲ ሞባይል ኔትወርክ ነው የሚሠሩት። ቪዚብል የቬራይዘን ነው። ቲ ሞባይልን በሜትሮ ሲም ሞክሮ «ሠራ» ቢልሽ ገና ምንም አልተረጋገጠም ማለት ነው።

አይፎን ስለሆነ ሌላም ቀላል መንገድ አለ። ሴቲንግስ ይግባ፣ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት። ወደ ታች ሲወርድ ካሪየር ሎክ የሚል አለ። ፊት ለፊቱ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ስልኩ ክፍት ነው። ሌላ ነገር ከተጻፈ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይውጣ። ያንን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። አያፍር፣ አንቺም አትፈሪ። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

2. የሚመለስበት ጊዜና የሚመጣው ሰው

ይሄን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ሱቆቹ ዕቃ የሚመልሱበት የተወሰነ ጊዜ አላቸው፤ የኛው 30 ቀን ነበር። እኛ ደግሞ ዕቃ የምንልከው ሰው ሲገኝ ነው። ስልኩ ተጓዥ እየጠበቀ ሳለ ያ ጊዜ አለቀ። የአጎቴ ልጅ ሲመለስ ሻጩ ደረሰኙን አየና «ቀኑ አልፏል» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። «ክፍት ነው ብለህ አይደል የሸጥክልኝ?» ሲለው «ሲሸጥ ይሠራ ነበር» አለው። ሌላ መልስ የለም። ወንድምሽ ሙከራውን በገዛበት ዕለት ይጨርስ። ተጓዡ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።

ከዚያ የስልክ ኩባንያው ተራ ሆነ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ከሥራ ወጥቶ ደወለ፣ መስመር ላይ ብዙ ጠበቀ። «የአካውንቱ ባለቤት አንተ ነህ?» አሉት። አይደለሁም፣ ከሱቅ ነው የገዛሁት አለ። «እንግዲያው ስለዚህ ስልክ ምንም ልንነግርህ አንችልም» አሉት። «ክፈቱልኝ አላልኩም፣ ዕዳ አለበት ወይ ብቻ ንገሩኝ» አለ። እሱንም አንችልም አሉ። ቅርንጫፋቸው በአካል ሄደ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ስልኩ የታለ?» አለችው። ኢትዮጵያ ነው ሲላት «እዚህ ከሌለ አይሆንም» ብላ ቀጣዩን ጠራች። ይህ ሰው በየወሩ ገንዘቡን የሚከፍላቸው ደንበኛቸው ነው! ቢያንስ ሰላም ማለት ነበረባቸው።

በኋላ እንደተረዳነው የመጀመሪያው ባለቤት ስልኩን በየወሩ ክፍያ ወስዶት ሳይጨርስ ነው የሸጠው። አሜሪካ ውስጥ ስልክ በብዛት የሚቆለፈው በዚህ ምክንያት ነው። በኩባንያው ዱቤ ትወስጂዋለሽ፣ ከፍለሽ እስክትጨርሺ ከሱ ኔትወርክ አይወጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ባለቤቱ ስልኩን ማስከፈት እንዲችል ፈቅዷል። ዕዳ ያለበትን ስልክ ክፈቱ ብሎ ግን ኩባንያውን አያስገድድም። ኤቲ ኤንድ ቲ የድኅረ ክፍያ ስልክ የሚከፍተው ዋጋው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለና ስልኩ 60 ቀን ከሠራ በኋላ ነው። ቲ ሞባይል እንዲሁ ሙሉ ክፍያና 40 ቀን ይጠይቃል። የቅድመ ክፍያ ስልክ ከሆነ ጥበቃው በወራት ነው የሚቆጠረው። የተዘረፈ ወይም የጠፋ ተብሎ የተመዘገበ ስልክማ ጭራሽ አይከፈትም።

ወንድምሽ የራሱን አሮጌ ስልክ ከሆነ የሚልክልሽ ነገሩ ቀሎልሻል። ባለቤቱ እሱ ነው፣ እሱን ያናግሩታል። ግን ስልኩ እጁ ላይ ሳለ ይጨርሰው። በአንዳንድ አንድሮይድ ላይ መክፈቻው ስልኩ ውስጥ ያለ አፕ ስለሆነ እዚህ ከመጣ በኋላ መከራ ነው።

ከሌላ ሰው የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ነክቶ የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር፣ ይውሰድ። ሲቲአይኤ የሚባለው የአሜሪካ የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር በነጻ የሚፈትሽበት ገጽ አለው። የሚነግርሽ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ መመዝገቡን ብቻ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ እዚያ ላይ አይታይም። ለዚህ ነው የሌላ ኔትወርክ ሲም ሙከራውን ደጋግሜ የምልሽ።

«እዚህ መጥቶ ይከፈታል» የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ። እኔም መገናኛ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወስጄዋለሁ። ከሲሙ ሥር የሚገባ ስስ ቺፕ አስገቡለት። ብዙ ሰው አር ሲም ይለዋል። ሠራ። ከፈልኩ። ከዚያ ስልኩ ሶፍትዌሩን ሲያድስ ኔትወርኩ ጠፋ። ተመልሼ ስሄድ «አዲስ ቺፕ ያስፈልጋል» አሉና ሌላ ሒሳብ ጠሩ። ቺፑ ቁልፉን አያነሳውም፤ ስልኩን ነው የሚያታልለው። ስልኩ በታደሰ ቁጥር ሥጋት ነው። ለዚህ አንድ ብር አታውጪ።

3. ሲም ማስገቢያ አለው ወይ?

ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የአይፎን 14 ዓይነቶችና ተከታዮቻቸው የሲም ማስገቢያ የላቸውም። በኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ በተገጠመ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠሩት። ክፍት ቢሆንም የኛን ሲም ካርድ የምትከቺበት ቦታ የለም። ሞዴሉን ካርቶኑ ላይ ወይም እዚያው አባውት ውስጥ ያገኘዋል። የአሜሪካው አይፎን 14 ኤ2649 ነው። ለአውሮፓ የተሠራው ኤ2882 ማስገቢያ አለው። አይፎን 13 ከሆነ የአሜሪካውም ኤ2482 ማስገቢያ አለው፣ ከዚያ በተጨማሪ ኢሲም ይቀበላል።

ኢሲም ራሱ መጥፎ አይደለም። መጀመሪያ ግን የምትጠቀሚባቸውን ኦፕሬተሮች አገልግሎት ማዕከል ሄደሽ «ለዚህ ሞዴል ኢሲም ትሰጣላችሁ?» ብለሽ በአካል ጠይቂ። የኛን ኑሮም አስቢበት። ስልኩ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ቢሰበር ሲሙን አውጥተሽ ባለ ቁልፏ ስልክ ውስጥ መክተት አትችይም። ቴሌብሩም፣ የባንኩም መልእክት በዚያ ቁጥር ነው የሚመጣው። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ሁለት ቁጥር ነው የያዝነው። ስለዚህ አንዱ ቁጥር የግድ ካርድ ላይ ይሁን ባይ ነኝ። ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

4. ኔትወርኩ ይገጥማል ወይ?

አይፎን ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቂ። እኛ ጋ 4ጂ በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲጀመር በ1800 ሜጋኸርዝ ነው የገባው። የስልክ ዝርዝር ላይ ባንድ 3 ተብሎ ይጻፋል። 3ጂው 2100 ላይ ነው። አሜሪካኖቹ በዋናነት የሚጠቀሙት ባንድ 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66 እና 71 ነው። አይፎኖቹና ውድ የሳምሰንግ ስልኮች የሁለቱንም አገር ይይዛሉ።

ችግሩ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በርካሽ የሚገዙት የቅድመ ክፍያ አንድሮይዶች ናቸው። አንዳንዶቹ ለአሜሪካ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ባንድ 3 የላቸውም። የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ያለ ስልክ መጥቶላት፣ ጀሞ መሀል ላይ ተቀምጣ ከኢ (E) ፊደል፣ ማለትም ከቀርፋፋው የ2ጂ ኔትወርክ ምልክት፣ በላይ አይታያትም። ክፍት ነው፣ ይደውላል፣ የረባ ኢንተርኔት ግን የለም። ወንድምሽ ሐሳቡን ቀይሮ አንድሮይድ ልግዛ ካለ ባንድ 3 መኖሩን በሞዴል ቁጥሩ ፈልጎ ይይ።

ሳምሰንግ ከሆነ የሞዴሉን መጨረሻ ፊደል እዩ። ለምሳሌ ኤስ23 ላይ በዩ የሚያልቀው የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሸጡት ነው። ዩ1 ሳምሰንግ ራሱ ክፍት አድርጎ የሚሸጠው ነው። በቢ የሚያልቀው የሌላው ዓለም ነው፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚወስደውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። አዲስ የታሸገ ሳምሰንግ ላይ ደግሞ «መጀመሪያ በተሸጠበት አካባቢ ሲም ይከፈት» የሚል ማስታወቂያ ካለ፣ ሳይልከው በፊት የራሱን ሲም አስገብቶ በድምሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ይደውልበት። ያለዚያ ክፍት የተባለው ስልክ እዚህ ሲደርስ የኛን ሲም አልቀበልም ይላል።

5ጂ አለው ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳይከፍል። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን የምትኖሪበት ሰፈር ካልደረሰ ለምን ብለሽ ትከፍይበታለሽ።

አሁን የምጽፍልሽ በአይፎን 13 ነው። እሱንም የላከልኝ ያው የአጎቴ ልጅ ነው። በዚህኛው ጊዜ ከላይ ያሉትን ሁሉ ጽፌ ላክሁለትና አንድም ሳያስቀር አደረገው። የሌላ ኔትወርክ ሲም ያለው የሥራ ባልደረባውን ይዞ ሱቅ ገባ። ሲሙ ሲገባና ሲደወል በቪዲዮ ቀርጾ ላከልኝ። የካሪየር ሎኩን ገጽ ፎቶ ላከልኝ። ሻጩ ፊቱን አጠቆረ አሉ፤ ያጥቁር። አይፎን ውስጥ የቀድሞው ባለቤት አካውንት አለመኖሩን ራሱ ከፍቶ ዘግቶ አረጋገጠ፣ ምክንያቱም አይክላውድ የተቆለፈበት ስልክ ክፍትም ቢሆን አይረባም። ስልኩ ቦሌ በደረሰ ማግስት 09ኙን ከተትኩበት። 4ጂው ወዲያው መጣ። አሁን መሥሪያ ቤት ውስጥ ከውጭ ስልክ የሚላክለት ሰው ሁሉ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እኔን ይጠይቃል፣ ደስ ብሎኝ ነው የምመለከትላቸው።

ከአፕል ራሱ ሱቅ ክፍት የሆነውን መግዛት ከቻለ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን ይምረጥ። ካልቻለ ከላይ ያለው ይበቃዋል። ሱቅ ሲገባ የሞዴል ቁጥሩንና የካሪየር ሎኩን ፎቶ እዚህ ለጥፊልኝ። ማታ ማታ እገባለሁ፣ አይቼ ይግዛ አይግዛ እልሻለሁ።