ቪዛ ይከልከል ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ካለች ካፌ ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ወዳጄ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ስልኬ ጮኸ። ውጭ አብረን የኖርን ጓደኛዬ በቴሌግራም የላከው የፊርማ ማሰባሰቢያ ነው። «ይህ ዘፋኝ ሕዝባችንን ሰድቧል፤ ቪዛ እንዳይሰጠው ፈርሙ» ይላል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከዚያው ዘፋኝ ጋር ለኮንሰርት ውጭ አገር ለመሄድ ቀብድ ተቀብሏል። አሳየሁት። አነበበና ስልኩን ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ቀብዱን እኮ ለቤት ኪራይ ከፍዬዋለሁ» አለኝ።

ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ቁጣችሁ ይገባኛል። ሃያ ዓመት ውጭ ስኖር እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ግን አትፈርሙ እላችኋለሁ።

ማንም ይግባ ማለቴ አይደለም። ሰው የደበደበ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ክሪስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2009 ዘፋኟን ሪሃናን ደብድቦ ጥፋቱን አመነ፤ በ2010 እንግሊዝ አላስገባም አለችው። የፍርድ ቤት መዝገብ አለ። አሜሪካዊውን ራፐር ታይለር ዘ ክሪኤተርን ግን ያችው አገር በ2015 የከለከለችው ከዓመታት በፊት በጻፋቸው ግጥሞች ነው። ግጥሞቹ ይቀፋሉ፤ ሴት ልጅ ያለው ሰው ሰምቶ አያልፋቸውም። ቢሆንም ዛሬ የእሱን ቃል መዝኖ በር የዘጋ ባለሥልጣን፣ ነገ የእናንተንም ሊመዝን ይችላል። ደቡብ አፍሪካዊቷን ዘፋኝ ሚሪያም ማኬባን አስቡ። የአፓርታይድ መንግሥት በ1960 ፓስፖርቷን ሰርዞ እናቷን እንኳ እንዳትቀብር አደረጋት። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚህ አዲስ አበባ መጥታ ዘፈነች። አገሯን የረገጠችው በ1990 ነው።

ደግሞ ነገሩ በአንድ ኮንሰርት አያበቃም። የእንግሊዝም፣ የካናዳም ፎርም «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ሰው ዕድሜ ልኩን «አዎ» እያለ ሊሞላ ነው። የእናታችሁን ቪዛ የጠበቃችሁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ዝም እንበል? በፍጹም! ትኬት አትግዙ። ለአዘጋጁና ለአዳራሹ ባለቤት በስማችሁ ጻፉ፤ የቱ ንግግር፣ የቱ ግጥም እንዳስቀየማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፖስተሩን የለጠፈውን የሐበሻ ሬስቶራንት ሄዳችሁ አነጋግሩ። ሠላሳ መደበኛ ደንበኛ ፊት ለፊት ቅር ሲለው ባለቤቱ ይሰማል፤ አይቻለሁ። በምሽቱ በር ላይ ቆማችሁ ተቃወሙ። ሰው እንዲገደል ቀስቅሶ ከሆነ ግን የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃችሁን ይዛችሁ አመልክቱ።

ይህንኑ ለጓደኛዬ ጻፍኩለት። «ንግግሩን ራስህ ሰምተኸዋል?» አልኩት። የ40 ሰከንድ ቁራጭ ላከልኝ። ሙሉውን ላክልኝና አብረን እንስማው ብዬዋለሁ።