ያልተፈታ ሴራን ስለ ማሳደር፤ ለወጣት ደራስያን

የተከበራችሁ ወጣት ጸሐፍት፣

ረቂቆቻችሁን ይዛችሁ እኔ ዘንድ ለገጣፎ ድረስ ስትመጡ አዘውትራችሁ የምትነግሩኝ፣ ታሪኩ መሃል ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ማለቱን ነው። ብዙዎቻችሁ ከወረቀቱ ፊት ሳይነሡ መታገል መፍትሔ ይመስላችኋል። እኔ ግን ሽማግሌዎች የከረረ ጠብ ሲገጥማቸው «ይደር» ብለው እንደሚነሡ፣ እናንተም በሚገባ ከታገላችሁ በኋላ ነገሩን ለድብቁ አእምሯችሁ ትታችሁ እንድትነሡ እመክራለሁ።

ምክሩ የሰነፍ አይደለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖይንካሬ ብዙ በደከመበት ሥራ ወሳኙ አሳብ የመጣለት፣ ለጉዞ ወጥቶ ሒሳቡን በረሳበት ጊዜ፣ እግሩን የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ ላይ ባሳረፈበት ቅጽበት እንደ ነበር ጽፏል። እንግሊዛዊው ግራሃም ዋላስም እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ የፈጠራን ሂደት በዝግጅት፣ በማብላላት፣ በድንገተኛ መገለጥና በማረጋገጥ ከፍሎ አስቀምጦታል። ወጣቶች የሚዘሉት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው።

ዝግጅት ስል በተለይ ጥያቄውን አጥርቶ መጻፍን ማለቴ ነው። «ምዕራፍ 12 እንዴት ይቀጥል?» ብላችሁ ብትተኙ ድብቁ አእምሮ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። በአንድ ረቂቄ ውስጥ አንዲት የታጨች ልጅ ከወንድሟ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ሠርጉ እስኪያልፍ ግን የተጻፈውን ማወቅ የለባትም። ደብዳቤው ቢጠፋም፣ መልእክተኛው ቢዘገይም የደራሲው እጅ ይታያል። ስለዚህ አንድ ማታ «ደብዳቤው በእጇ እያለ የማትከፍተው ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ጽፌ ረቂቁን ዘጋሁት። መልሱ ከቀናት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም መጣ፦ ትከፍተዋለች፤ ግን ማንበብ አትችልም፤ በመንደሩ ፊደል የቆጠረው ደግሞ እጮኛዋ ብቻ ነው። ያነብላታል፤ የሚያነብላት ግን የተጻፈውን አይደለም። ልብ በሉ፤ ጥያቄዬ ደብዳቤው እንደማይከፈት ወስኖ የተነሣ ሲሆን፣ መልሱ ያንኑ ውሳኔ አፍርሶ መጣ።

ምስር መልቀም እጅን ይይዛል እንጂ አሳብን አይወስድም። ወደ መገናኛ የሚወስዳችሁ ታክሲም፣ ስልካችሁን ካላወጣችሁ፣ እንደዚያው ይጠቅማል፤ ስልክ እየነካኩ መቀመጥን ግን እኔ ዕረፍት አልለውም።

የመጣውን አሳብ ወዲያው ጻፉት፤ ወዲያው ግን አትመኑት። እኔም ረቂቁን ከመጀመሪያው ስመረምር ምዕራፍ 3 ላይ ያችው ልጅ የሱቅ ማስታወቂያ ስታነብ ስላገኘኋት ትዕይንቱን አወጣሁት። ወንድሟስ እጮኛዋ እንደሚያነበው እያወቀ እንዴት ምሥጢር ይጽፋል? ይህን ግን ማሳደር አላስፈለገኝም፤ ጠረጴዛ ላይ ተፈታ፦ የሚያነቡላት የአጥቢያው ቄስ መስለውት ነበር፤ እርሱ አገር ለቆ ከሄደ በኋላ ማረፋቸውን አልሰማም።