ፕሮሰሰሩን ከማፍጠናችሁ በፊት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኦቨርክሎክ ናቸው። ፕሮሰሰርን (የኮምፒውተሩን ዋና ቺፕ) ፋብሪካው ከመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ማለት ነው።

ኮር አይ5-12400 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ተማሪ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ፍጥነት መጨመሪያውን ፈልጎ አጣው።
አታገኘውም። ኢንቴል ይህን የሚፈቅደው ከቁጥራቸው በኋላ “ኬ” ላለባቸው ነው። ማዘርቦርዱም የ“ዜድ” መደብ መሆን አለበት። ሁለቱን ለመቀየር ካሰብክ፣ ብሩን ራም ግዛበት።

ላፕቶፕስ?
ተዉት። ሙቀቱ በቂ መውጫ የለውም።

አዲስ አበባ ያለች ቪዲዮ ኤዲተር ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር አላት። የሆነ ቪዲዮ አይታ ቮልቴጁን 1.45 ቮልት፣ ፍጥነቱን 4.2 ጊጋኸርዝ ላይ አሰረችው። ቪዲዮው ላይ 75 ዲግሪ የነበረው ሙቀት እሷ ጋ 94 ደረሰ። ለምን?
እህቴ፣ ዛሬውኑ ወደ ነበረበት መልሺው። ፕሮሰሰርን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጎዳው ቮልቴጁ ነው። ቮልቴጅ በመቶኛ ትንሽ ሲጨምር፣ ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ሙቀት በዚያ መቶኛ እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ከ1.25 ወደ 1.45 ስትወስጂው፣ ፍጥነቱን ምንም ባትነኪ እንኳ የሚያወጣው ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያድጋል። ፕሮሰሰሩ በራሱ ሲሠራ ቮልቴጁ 1.4ን ሲያልፍ አይተሽ ይሆናል። ያ ግን ለቅጽበት፣ ሥራ ሲቀልለት ነው። ሰዓታት በሚፈጅ ሬንደር (ያቀናበርሽውን ቪዲዮ አጠናቅቆ ማውጣት) ሁሉንም ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) በዚያ ቮልቴጅ ማንደድ ሌላ ነገር ነው። የዚህ ፕሮሰሰር የመጨረሻ ወሰን 95 ዲግሪ ነው። ጫፉ ላይ ነሽ።

ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን እኩል ቢሽከረከርም እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የሰው ቁጥር አትገልብጡ እያልኩ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው!

መጀመሪያ አቧራውን ጥረጊ፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ቀይሪ። ቮልቴጁን 1.25 ላይ አድርጊውና ከ3.9 ጊጋኸርዝ ጀምሪ። በ25 ሜጋኸርዝ እየጨመርሽ፣ በየእርከኑ ግማሽ ሰዓት ሲኒቤንች (ፕሮሰሰሩን አጨናንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) አስሮጪበት። 85 ዲግሪን ካለፈ ወይም ስታክ ካደረገ አንድ እርከን ውረጂና እዚያው ቁሚ። ከ1.3 ቮልት በላይ ለጀማሪ አልመክርም። ትርፉ ጥቂት ነው፤ ጤነኛ ማሽን ይበልጥብሻል።

ፍጥነቱን ስጨምር ስክሪኑ ጨለመ።
ሶኬቱን ንቀል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተህ መልሳት፤ የጨመርከው ፍጥነት ይሰረዛል።

አንድ አባት፣ ልጃቸው ኦቨርክሎክ ካደረገ ወዲህ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ፈተው ሊያዩት ነው።
አባቴ፣ እባክዎ አይፍቱት። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ነቅለው ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። “አጽድቼዋለሁ፣ ይሠራል” ቢልዎት እሺ አይበሉ፤ ይቀየር። ልጁን አይቆጡት። የፕሮሰሰሩን ስምና የፓወር ሰፕላዩን ዋት ጽፎ ይላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።