አኳሪየሙ ያንጠባጥባል፤ ይጠገን ወይስ አዲስ ይሠራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ገርጂ ነው። ከ8 ዓመት በፊት አንድ ካፌ ዕቃውን ሲሸጥ ትልቅ አኳሪየም ገዛሁ። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰባት ወርቃማ ዓሣዎችና አንድ መስታወት የሚልስ ጥቁር ዓሣ አሉበት። ከወር ወዲህ ከፊት ለፊት በቀኝ በኩል፣ ከታችኛው ጥግ ያንጠባጥባል። ማታ ሲኒ አስቀምጬበት ጠዋት ግማሽ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ከውጭ ሲሊኮን ቀባሁት፤ ሦስት ቀን ቆሞ መልሶ ጀመረ። አንዱ መስታወት ቤት «ከውስጥ ደግመን እንቀባዋለን» አለኝ። ሌላው «ይኼ አርጅቷል፣ አዲስ እንሥራልዎ» ይላል። ልጆቼ ዓሣዎቹን በስም ነው የሚጠሯቸው። ምን ይሻለኛል? ፎቶዎቹን ልኬያለሁ።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ውሃውን ግማሽ ድረስ ያውርዱት። ታች ያለው መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ግፊት የሚወሰነው በውሃው ጥልቀት ነው። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱም በግማሽ ይቀንሳል። ዓሣዎቹ ለጥቂት ቀን ይችሉታል፤ የአየር ፓምፑ ብቻ አይቋረጥባቸው። አኳሪየምዎ ሲሞላ ከ400 ሊትር በላይ ይይዛል። መስታወቱና አሸዋው ሲጨመር አምስት ኩንታል ያልፋል። ይኼ ሳሎን ውስጥ በአንዴ ቢለቀቅ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከውጭ የቀቡት ሲሊኮን መያዝ አይችልም። ውሃው ከውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ደግሞ ጠብታው የሚወጣበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ውሃ በመጋጠሚያው ውስጥ ተጉዞ ደካማ በር ሲያገኝ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፎቶዎ ልምጣ። ሦስቴ አጉልቼ አየሁት። አኳሪየም ሁለት ዓይነት ሲሊኮን አለው። አንደኛው ከውስጥ በጥጉ ላይ የሚታየው ነው። ሁለተኛው በሁለቱ መስታወቶች መሀል የተጨመቀው ስስ መስመር ሲሆን፣ ያን ሁሉ ክብደት አቅፎ የያዘው እሱ ነው። ጤነኛ ሲሆን በጎን ሲታይ ወጥ ሆኖ ይጠቁራል። ከመስታወቱ ሲላቀቅ አየር ይገባበትና እንደ ብር ያበራል። የእርስዎ መጋጠሚያ ላይ ከጥጉ ጀምሮ የጣት ርዝመት ያህል ብርማ ነገር አለ። የስልክዎን መብራት ከታች ወደ ላይ አድርገው ቀሪዎቹን መጋጠሚያዎች በሙሉ አንድ በአንድ ይዩዋቸው። ሌላም ቦታ ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሁሉም በአንድ ቀን የተሠሩና እኩል ያረጁ ናቸው።

ስለዚህ «ከውስጥ ደግመን እንቀባዋለን» ያለዎትን ባለሙያ እምቢ ይበሉት። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይዝም። ይኼን በገዛ ቤቴ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው ትልቅ አኳሪየሜ 300 ሊትር የሚይዝ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጬው። ጥጉ ሲያንጠባጥብ አሮጌውን ሳልፍቅ በላዩ ላይ ደረብኩበት። 19 ቀን አንዲት ጠብታ አልወጣም። በ20ኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታች ቤት ጎረቤቴ በሬን ደበደበች። ጣሪያዋ እያፈሰሰ የልጇ ፍራሽ ላይ ይወርድ ነበር። ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኝ እስከዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። በማግስቱ የደረብኩትን ስስበው እንደ ሙዝ ልጣጭ ሳብ ብሎ ሙሉውን ተነሳ።

አዲስ ይሠራ ያለዎት ደግሞ ግማሹን ልክ ነው። አርጅቷል፤ ያረጀው ግን ሲሊኮኑ ነው። መስታወት ካልተሰነጠቀና በኃይል ካልተጫረ አያረጅም። በፎቶው ላይ ማስመሪያ አስደግፈው እንዳሳዩኝ ውፍረቱ 10 ሚሊ ነው፤ ከላይም ማጠናከሪያ አለው። ለ60 ሴንቲ ቁመት ይበቃል። 8 ሚሊ ቢሆን ኖሮ ይጣል እልዎት ነበር። የእኔ ምክር፦ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ መስታወቶቹ ይጸዱና እንደ አዲስ ይገጣጠሙ። መስታወቱን በጥፍርዎ ይሂዱበት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ያለበት ካለ እሱን ብቻ ያስቀይሩ። የወለሉ መስታወት ስንጥቅ ካለው ግን ምንም ሳያመነቱ ይቀየር፤ ስንጥቅ በሲሊኮን አይታከምም።

ሲሊኮኑን ሲገዙ ሽታውን ይጠይቁ። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ነው የሚፈለገው። ለሻወር ቤት ተብሎ የሚሸጠውን፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚለውን አይንኩ። ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ዓሣውንም ይገድላል። ቱቦው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀንም ይዩ፤ ጊዜው ያለፈበት ሲሊኮን ሳይደርቅ ይቀራል። አሮጌው በምላጭ ተፍቆ፣ ጠርዙ በአልኮል ተጠርጎ፣ ከዚያ በኋላ በእጅ እንዳይነካ። የጣት ቅባት ብቻውን መጋጠሚያ ያላቅቃል። ከተገጣጠመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ውሃ ሞልተው ሌላ ሳምንት ያቆዩት። ዙሪያውን ደረቅ ሶፍት ያንጥፉበት፤ ጠብታ ካለ ሶፍቱ ይነግርዎታል።

አሁን ግን የምር ያሳሰበኝን ልናገር። የመጀመሪያው ፎቶዎ ላይ ከቱቦላሬ የተበየደው ጠረጴዛ በቀኝ በኩል ከፊት እግሩ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን ይታያል። የሚያንጠባጥበውም የቀኝ የፊት ጥግ ነው። ካርቶን ከዓመት ዓመት ይጨፈለቃል፤ አምስት ኩንታል በላዩ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጠረጴዛው በሚሊ ሜትሮች ሲያዘነብል መስታወቱ ይጠማዘዛል፣ መጋጠሚያው ይሳባል። ይኼ ሳይስተካከል አዲስ አኳሪየም ቢያሠሩ እንኳ በዚያው ጥግ ይከፍትልዎታል። ብየዳ ቤት ወስደው እግሩን ያስተካክሉ። በውሃ ልክ በርዝመትም፣ በወርድም፣ ከጥግ እስከ ጥግም ይለኩት። ላዩ ላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ስስ ፎም ያንጥፉ።

ዓሣዎቹን በተመለከተ፣ ሥራው ሦስት ሳምንት ይወስዳል ብለው ያስቡ። ምግብ ነክ ነገር ብቻ የነበረባቸው ሁለት የ200 ሊትር በርሜሎች ይበቃሉ። አሁን ያለውን የአኳሪየሙን ውሃ ወደ በርሜሎቹ ገልብጠው የጎደለውን ክሎሪን በሌለው ውሃ ይሙሉ። ፊልተሩ ሳይቆም እዚያው ይሥራ። ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የዓሣውን ሽንት የሚያክሙት ናቸው፤ ቢሞቱ እንደገና ለመራባት ከአንድ ወር በላይ ሊወስድባቸው ይችላል። ስለዚህ በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያንሳል። በርሜል ደግሞ አፉ ጠባብ ነው። በየበርሜሉ የአየር ፓምፕ ያድርጉ፤ አንዱ በባትሪም የሚሠራ ይሁን፣ መብራት ሲጠፋ ይደርስልዎታል። ጥቁሩ ዓሣ የሞቃት አገር ነው፤ የገርጂ ሌሊት ይበርደዋል። ማሞቂያውን እሱ ያለበት በርሜል ውስጥ ይክተቱለት። ምግብ በቀን አንዴ፣ ትንሽ ብቻ።

ልጆችዎ በየማታው በርሜሎቹን በቶርች ከላይ እያዩ ይቁጠሯቸው። ወርቃማ ዓሣ ሲጨንቀው ዘሎ ይወጣል፤ የበርሜሎቹን አፍ በወንፊት ጨርቅ ይሸፍኑት። ባለሙያው ያንን የቀኝ ጥግ ሲፈታ ደግሞ መጋጠሚያውን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የታችኛው ጠርዝ ሳይሞረድ የተገጠመ ከሆነ ከመልሶ መግጠሙ በፊት መስታወት ቤት ሄዶ መሞረድ አለበት።