ወደ አንድሮስ ለቦንፊሽ ስትሄድ ምን ትይዛለህ?

ወንድሜ፣ ሚያዝያ ላይ ባሃማስ፣ አንድሮስ ደሴት ሄደህ ቦንፊሽ የተባለውን የባሕር ዓሣ በፍላይ (ትናንሽ እንስሳትን በሚመስል ሰው ሠራሽ ማታለያ) ልታጠምድ እንደሆነ ጽፈህ፣ ምን ልያዝ ብለሃል። እስካሁን ያጠመድከው የኮሎራዶ ወንዞች ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ብቻ ነው። እኔም ከትራውት ነው ወደ ባሕር የሄድኩት። ስለዚህ የተሳሳትኩበትን ላስቀድም።

ገመድህን ቀይር። ለዘንጉ ሁላችንም እንጨነቃለን፣ ገመዱን ግን እንረሳዋለን። የቀዝቃዛ ውሃ ገመድ ብርድ ላይ ግትር እንዳይሆን ተብሎ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚሠራው። ያ ገመድ ሙቀት ሲያገኘው ፀሐይ ላይ እንደቆየ ጧፍ ይልፈሰፈሳል። የዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይጣበቃል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዓሦቹ 15 ሜትር ላይ ሆነው ወደ ጀልባችን እየመጡ፣ የእኔ ገመድ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ። ጋይዱ (የሚመራን የአገሩ አጥማጅ) የራሱን ባያበድረኝ ሳምንቱ ባክኖ ነበር። ለሞቃት ባሕር የተሠራ ገመድ ግዛ፣ ትርፍም ያዝ። እዚያ ደርሼ እገዛለሁ አትበል።

ዘንጉ ቁጥር 8 (ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበቱም ይጨምራል)፣ ርዝመቱ ዘጠኝ ጫማ ይሁን። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ የትራውት ዘንግህ አይችለውም። የሪሉ (ገመዱ የሚጠቀለልበት መዘውር) ፍሬን ጨው የማያስገባ መሆን አለበት። ከገመዱ ኋላ ቢያንስ 180 ሜትር መደገፊያ ክር ጠቅልልበት። ቦንፊሽ መንጠቆው ሲይዘው መቶ ሜትር ያህል ሳያቆም ሊሮጥ ይችላል።

አሁን ወደ መነጽር። ከዘንግ ቆጥበህም ቢሆን ጥሩ ፖላራይዝድ (የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር ግዛ። ቦንፊሽ ጎኑ እንደ መስታወት ነው፣ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ያንጸባርቃል። ብዙ ጊዜ የምታየው ዓሣውን ሳይሆን አሸዋው ላይ ያረፈውን ጥላ ነው። እዚያ ደግሞ ያላየኸውን አትወረውርበትም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የመዳብ ቀለም ያለው መስታወት ከግራጫው በጣም ይሻላል። ሁለት ያዝ። አንዱ ቢወድቅብህ ቀንህ አለቀ። የባርኔጣህ ክፈፍ ከሥር በኩል ጥቁር ይሁን፣ ከውሃው የሚመለሰውን ብርሃን ይውጥልሃል።

ጫማ ላይ አትሳሳት። ሰንደል ይበቃኛል እንዳትል። ዛጎልና ኮራል እግር ይቆርጣል፣ አሸዋው ውስጥ ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ይተኛል። ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የውሃ ጫማ ያዝ። ስትራመድ እግርህን አታንሳ፣ እየጎተትክ ሂድ። ስቲንግሬዩ ሰምቶ ይሸሻል።

ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ የአንገትና የፊት መሸፈኛ፣ ቀጭን ጓንት የግድ ነው። የትንኝ መከላከያ ስትቀባ ተጠንቀቅ። ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት ከሆነ የፕላስቲክ ገመድህን ያበላሸዋል። በእጅህ ጀርባ ተቀባ፣ ከዚያ እጅህን ታጠብ።

ፍላይ ብዙ ዓይነት አያስፈልግህም። ጎቻና ክሬዚ ቻርሊ የሚባሉት፣ የመንጠቆ ቁጥር 4 እና 6፣ የአሸዋ ቀለምና ሐመር ሮዝ ይበቃል። ክብደታቸው ግን ይለያይ። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ከባዱ ጧ ብሎ ሲወድቅ ዓሣው ይበረግጋል። የመንጠቆውን እሾህ በጉጠት ጨፍልቀው፣ ስትለቀው ዓሣውን አይጎዳም። በነገራችን ላይ አገሬው ይህን ዓሣ 10 ሳንቲሙ ላይ ቀርጾታል፣ እንደዚያው አክብረው።

አውሮፕላን ላይ ስትሳፈር መንጠቆና ጉጠት በምታስረክበው ሻንጣ ውስጥ ክተት፣ ዘንግ፣ ሪልና መነጽር ግን ከእጅህ አይለዩ። ማታ ማታ ሁሉንም በጨው አልባ ውሃ እጠብ። የማጥመጃ ፈቃዱን ከጋይድህ ጋር አስቀድመህ ጨርስ።

ያለህን ዘንግና ገመድ ጻፍልኝ፣ የቱ እንደሚያስኬድህ አብረን እናያለን።