ከፍታ ዝላይን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስጀመር፦ ጥያቄና መልስ

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከፍታ ዝላይን ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አስተምራለሁ። ስለ አጀማመሩ የምትፈልጉትን ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኛ ጋ ፍራሽ የለም፤ ያለን የርዝመት ዝላይ የአሸዋ ጉድጓድ ብቻ ነው። በጀርባ የሚታለፍበትን የፎስበሪ ስልት አሸዋው ላይ ማስተማር እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ እባክዎ አይሞክሩት። በዚህ ስልት የሚዘል ልጅ የሚያርፈው በላይኛው ጀርባውና በትከሻው ነው። አሸዋ ላይ እንዲያ መውደቅ አንገትንና አከርካሪን ለጉዳት ያጋልጣል። ዲክ ፎስበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ 2.24 ሜትር ዘሎ ወርቅ ሲወስድ ያረፈው ወፍራም ስፖንጅ ላይ ነበር። ማረፊያው አሸዋ በነበረበት ዘመን በጀርባ መዝለል የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች የሚዘረጋው ፍራሽ ቢያንስ 6 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ ውፍረቱም ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ስስ የጂምናስቲክ ምንጣፍ መደራረብ አይተካውም። አሸዋ ያለው ትምህርት ቤት የመቀስ ስልትን፣ ማለትም እግሮች በየተራ አልፈው በእግር የሚታረፍበትን፣ ያስተምር። ከትምህርቱ በፊት አሸዋው ይቆፈር፣ ድንጋይና የጠርሙስ ስባሪ ይለቀም።

ጥያቄ፦ የመቀስ ስልት ግን ያረጀ አይደለም? ጊዜ ማባከን መሰለኝ።

መልስ፦ ለዓለም ሻምፒዮና አያበቃም፤ ለጀማሪ ግን ከእሱ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ተማሪው ከአግዳሚው ዘንግ ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚሆን ሰያፍ መስመር አምስት እርምጃ ያህል ይንደረደራል። ከአግዳሚው በሚርቀው እግሩ መሬቱን ይገፋል፤ የሚቀርበው እግር ቀጥ ብሎ ቀድሞ ያልፋል፤ የገፋው እግር ይከተላል። ደረቱን እንዳቀና በእግሩ ያርፋል። በፎስበሪ ስልትም መነሻው ያው ከአግዳሚው የሚርቀው እግር ነው፤ ግፊቱም ወደ ላይ እንጂ ወደ አግዳሚው አይደለም። በመቀስ ስልት ይህን የለመደ ልጅ ፍራሽ ያገኘ ቀን ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ጥያቄ፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በየትኛው እግሬ እንደምነሳ ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ አታስቢበት፣ ሩጪና ዝለዪ። በዝግታ እየሮጥሽ ከፍ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ለመንካት በአንድ እግር ብትዘዪ ሰውነትሽ ራሱ ይመርጣል። ደጋግመሽ ሞክሪና በብዛት የገፋሽበትን እግር ያዢ። እሱ ግራ ከሆነ፣ ፊትሽን ወደ አግዳሚው አዙረሽ ስትቆሚ ከቀኝሽ በኩል ነው የምትንደረደሪው፤ ቀኝ ከሆነ ከግራሽ። ቀኝ እጅ ስለምትጠቀሚ ብቻ በቀኝ እግር መነሳት የለብሽም።

ጥያቄ፦ ፍራሽ አለን። ግን ተማሪዎቼ በደንብ ሮጠው ይመጡና አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይሞታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብዛኛው መምህር ጊዜውን የሚያጠፋው አየር ላይ ባለው የጀርባ ቅስት ነው። እኔ ግን ዝላዩ የሚሠራው መሬት ላይ ነው ባይ ነኝ፤ እግር መሬት ከለቀቀ በኋላ ከፍታውን የሚጨምር ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ አግዳሚውን ከቦታው ያውጡትና መንደርደሩን ብቻ ያስተምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እርምጃዎች ቀጥ ያሉ፣ የመጨረሻዎቹ አራት አምስቱ ቅስት የሚሠሩ ናቸው። መስመሩን በኖራ ያስምሩላቸው። ቅስቱ ላይ ሲሮጡ መላ ሰውነታቸው ወደ ቅስቱ ውስጥ፣ ማለትም ከአግዳሚው ራቅ ብሎ፣ ያዘነብላል። ሲነሱ ሰውነታቸውን የሚያዞረውና ጀርባቸውን ለአግዳሚው የሚሰጠው ይህ ነው፤ ሆን ብለው መጠምዘዝ አያስፈልጋቸውም። ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ረዘም፣ የመጨረሻው ደግሞ አጠርና ፈጠን ይበል። መነሻው ከአግዳሚው አንድ ክንድ ዝርጋታ ያህል ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረቡ ወደ ላይ ሲወጡ ይነኩታል።

ፍጥነት የሚሞትበት ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ዘንጉ ያሳምማል ብለው ይሰጋሉ፤ ልክ ናቸው፣ ያሳምማል። በዘንጉ ፋንታ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ይወጥሩ። ቢነኩትም ይለጠጣል እንጂ አይጎዳቸውም፤ ሲዘሉ ልዩነቱን ያዩታል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው። ብተወው ይሻላል?

መልስ፦ አትተወው። ረጅም ሰው ብልጫ አለው፤ አልክድህም። ግን ስዊድናዊው ስቴፋን ሆልም ቁመቱ 1.81 ሜትር ሆኖ በቤት ውስጥ ውድድር 2.40 ሜትር ዘሏል፤ አሜሪካዊው ፍራንክሊን ጃኮብስ 1.73 ሜትር ሆኖ 2.32 ዘሏል፣ ከራሱ አናት 59 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ደንቡን ባጭሩ?

መልስ፦ በአንድ እግር መነሳት ግዴታ ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሳተ ይወጣል፤ ሦስቱ ስህተቶች በተለያየ ከፍታ ላይ ቢሆኑም። ዘንጉን መንካት አያስቀጣም፤ በዘላዩ ምክንያት ከወደቀ ግን ስህተት ነው። እኩል ከፍታ ካለፉ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ጥቂት የሳተው ይቀድማል፤ ካልተለየ የጠቅላላው ስህተት ይቆጠራል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሙታዝ ባርሺምና ጃንማርኮ ታምቤሪ በሁሉም እኩል ሆነው 2.37 ላይ ወርቁን ተካፍለዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ አለኝ፤ ወረፋው ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል። ውጤትስ በምን ልስጥ?

መልስ፦ ስልሳውን በአንድ ዘንግ ፊት አያሰልፉ። ለመቀስ ስልት ልምምድ ሜዳው ላይ አራት አምስት ቦታ ላስቲክ በጉልበት ከፍታ ይወጠር፤ ጫፎቹን ተማሪዎች በእጃቸው ይያዙ፣ ዘላዩ ሲነካው ይልቀቁት፣ በየተራም ይቀያየሩ። በዚያ ከፍታ ለስላሳ ሣር ላይ በእግር ማረፍ ይበቃል። ከፍ ያለውን ግን ወደ አሸዋው ወይም ወደ ፍራሹ ይውሰዱት፤ እርስዎም እዚያው ይቁሙ። የመጀመሪያው ከፍታ ሁሉም የሚያልፉት ይሁን። ውጤቱን ደግሞ ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹን ለመንደርደሩ፣ ለአነሳሱና ለአስተራረፉ፣ ግማሹን ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ልኬቱ ላሳየው መሻሻል። በሴንቲ ሜትር ብቻ ከሰጡ ለቁመት ነው ማርክ የሚሰጡት።